ሥጋና ዳቦ በባቡሩ መስመር

በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች፣ ከአይሻና ከሽንሌ እስከ ጅግጅጋ፣ ከመንገደኛ ማዕድ የማይጠፋ ምግብ አለ፤ ሱቃር ይባላል። ሥጋው በደቃቁ ተቆርጦ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ይጠበስና በዳቦ፣ ላሆህ በሚባለው የሶማሌ እንጀራ ወይም በሩዝ ይበላል። አሜሪካኖች ቺዝስቴክ የሚሉት የሥጋና የአይብ ሳንድዊች የቅርብ አምሳያው ነው። ሁለቱም ቶሎ በልቶ ወደ ሥራው ለሚመለስ ሰው የሚመቹ ናቸው።

የሱቃር ሥር እርባታው ነው። የሶማሌ አርብቶ አደር በሞቃት አገር ሥጋን የሚያቆይበት ብልሃት አለው፤ ያደርቀዋል፣ በትንንሹ ቆርጦ ይጠብሰዋል፣ በተነጠረ ቅቤ ውስጥም ያስቀምጠዋል። ሙቅማድ የተባለው ይህ ስንቅ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። አይብ ግን በዚህ ማዕድ ላይ እምብዛም አይታይም። አንዱ ምክንያት የግመል ወተት እንደ ላም ወተት በቀላሉ አለመርጋቱ ነው። አይብ የሚሰጠውን ቅባትና ጣዕም እዚህ የሚሰጠው ቅቤ ነው።

ዳቦውን ያቀረበው የከተማ ኑሮ ነው። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ አይሻን አልፎ፣ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር በየጣቢያው ሠራተኛ፣ ነጋዴና መንገደኛ ሰበሰበ። በጅቡቲ የፈረንሳዮች ረጅም ዳቦ የዕለት ምግብ ሆነ። በድሬዳዋ የመናውያን፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ህንዶች ሱቅ ከፈቱ፤ ፉልና ፈጢራ ተለመዱ። ፓስታም ጣሊያን ከገዛችው ሶማሊያ ተነሥቶ በሶማሌው ቤት ሁሉ ገባ። የአርብቶ አደሩ ሥጋ ከዳቦ ቤት ዳቦ ጋር እንዲላመድ መንገድ የጠረጉት እነዚህ ከተሞች ናቸው።

የቺዝስቴክ መነሻ የሆነችው የአሜሪካዋ ፊላዴልፊያም የሠራተኛና የስደተኛ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ የጣሊያን ስደተኞች ልጆች የሆኑት ፓትና ሃሪ ኦሊቪዬሪ በቀጭኑ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ በሽንኩርት ጠብሰው በጣሊያን ዳቦ ሸጡ። አይቡ የተጨመረው ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ቺዝስቴክ በመጀመሪያ መልኩ ሥጋ፣ ሽንኩርትና ዳቦ ብቻ ነበር፤ ይህም በዳቦ ለሚበላው ሱቃር በጣም የቀረበ ነው።

በሶማሊያ የተነሣው ጦርነትና ያስከተለው ስደት ይህን የሶማሌ ማዕድ አላጠፉትም። እ.ኤ.አ. በ1988 ከጅግጅጋ ብዙም ሳይርቅ የተከፈተው የሐርትሼክ ካምፕ እስከ 2004 ድረስ ከሶማሊያ የሸሹ ሰዎችን አስጠልሏል፤ እነርሱም የምግብ ልማዳቸውን ይዘው መጥተዋል። መንገደኛም ከአካባቢው አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በአይሻ በኩል ያልፋል።

ፊላዴልፊያ የሳንድዊቿን ታሪክ በስም፣ በዓመትና በቦታ መዝግባ የከተማዋ መታወቂያ አድርጋዋለች። የሱቃር፣ የሙቅማድና የጣቢያ ከተሞቹ ማዕድ ታሪክ ግን በአብዛኛው በእናቶችና በአረጋውያን ቃል የሚኖር ነው። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ፣ የክልሉ ባህል ቢሮና የአካባቢው ወጣቶች ባለታሪኮቹ በሕይወት ሳሉ ይጻፉት።