የዘይቱ ዘንባባና ንጉሥ ጃጃ

በአገራችን ዘንባባ ሲባል ለሰው ሁሉ የሚታሰበው በሆሣዕና ዕለት በግንባር የሚታሰረው፥ በጣትም ቀለበት ሆኖ የሚደረገው ቅጠል ነው። በምዕራብ አፍሪካ ግን ስለ ቅጠሉ ሳይሆን ስለ ፍሬው የሚከበር ሌላ ዘንባባ አለ። ከፍሬው ሁለት ዓይነት ዘይት ይወጣል፤ ሥጋው ተቀቅሎና ተወቅጦ ሲጨመቅ ቀይ ዘይት ይሰጣል፥ እንደ ደንጊያ የጠነከረው ቅርፊት ተሰብሮ ከሚገኘው ከውስጡ ፍሬ ደግሞ ነጭ ቅባት ይገኛል። የኒጀር ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ምድር የሚኖሩት ሰዎች ፈረንጅ ወደ አገራቸው ሳይመጣ በዚህ ዘይት ወጣቸውን ይሠሩ ነበር።

በ1807 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የእንግሊዝ መንግሥት የባሪያ ንግድን በሕግ ከለከለ። በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር የመኪና ሥራ እየበዛ ስለ ሄደ ለመንኰራኵሩ ቅባት፥ ለሠራተኛው ሳሙና፥ ለቤቱም ሻማ አስፈለገ። ቀድሞ ሰው ይጭኑ የነበሩት የሊቨርፑል ነጋዴዎች ወደዚያው ወንዝ ተመልሰው ዘይት በበርሜል ይጭኑ ጀመር። ብዙ ደጋግ ሰዎች ይህ ንግድ የባርነትን ሥር ይነቅላል ብለው ተስፋ አደረጉ፤ በልጅነታቸው ከባሪያ መርከብ የዳኑት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘርም ወንጌልና ቅን ንግድ አብረው ይሄዳሉ ብለው ያምኑ ነበር። ተስፋው ግን በሙሉ አልተፈጸመም። ወደ ባሕር ማዶ የሚሸጠው ሰው ቢቀርም፥ ዘይቱን ከዱር ተሸክሞ የሚያወርደው፥ ታንኳውንም የሚቀዝፈው ብዙ ጊዜ እዚያው የተገዛ ባሪያ ነበረና።

ጃጃ ከእነዚህ አንዱ ነበረ። በልጅነቱ ከኢግቦ አገር ተሽጦ ወደ ቦኒ ከተማ መጣ፤ በብልሃቱና በትጋቱ ግን የአንድ ታላቅ የንግድ ቤት አለቃ ሆነ። በ1869 ከቦኒ ወጥቶ ኦፖቦ የሚባለውን ከተማ ቈረቈረ፥ ዘይቱ የሚወርድበትንም ወንዝ በእጁ አደረገ። በ1873 የእንግሊዝ መንግሥት ንግሥናውን በውል አጸደቀለት። ኋላ ግን ፈረንጆቹ ነጋዴዎች ዋጋ ለመቀነስ ቢስማሙ፥ እርሱ ዘይቱን በቀጥታ ወደ እንግሊዝ አገር ላከ። እርግጥ ጃጃም ለሌላው ነጋዴ መንገድ አይለቅም ነበር፤ ነገር ግን በገዛ አገሩ ነው። በ1887 ቈንስሉ ሃሪ ጆንስተን በደኅና ትመለሳለህ ብሎ በጽሑፍ ቃል ሰጥቶ ጠራው፤ በመጣም ጊዜ፥ ለፍርድ እጅህን ካልሰጠህ ከተማህ በመድፍ ይደበደባል አለው። አክራ ላይ ተፈርዶበት በካሪብ ባሕር ወዳለችው ወደ ሴንት ቪንሰንት ደሴት ተጋዘ። በ1891 እንዲመለስ ተፈቅዶለት ሲጓዝ በተነሪፍ ደሴት ሞተ።

ዛፉ ደግሞ ከጃጃ አስቀድሞ ባሕር ተሻግሮ ነበር። በ1848 የሆላንድ ሰዎች በጃቫ ደሴት አራት ችግኞች ተከሉ፤ የእነዚያ ዘር በሱማትራ ሰፊ እርሻ ሆነ። ዛሬ ከዓለም የዘንባባ ዘይት ከአምስት እጅ አራቱ የሚበልጠው የሚመረተው በኢንዶኔዢያና በማሌዢያ ነው። የጃጃ አገር ናይጄሪያ የራስዋ ምርት ስለማይበቃት ዘይቱን ከውጭ ትገዛለች።