ዲግሪ የማይሰጠው የጃፓን ዓመት

ከጥቂት ጊዜ በፊት በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የሥጋ ዘመዴ ስልክ ደወለልኝ፡፡ እዚያው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጃፓንኛ የምታጠናው ልጁ የጃፓን መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ለአንድ ዓመት ልትሄድ መሆኑን ነገረኝና፣ ‹‹ጋሼ፣ ለመሆኑ ስትመለስ ምን ይዛ ነው የምትመጣው? ማስተርስ ነው?›› ሲል ጠየቀኝ፡፡ የላከልኝን መመሪያ አነበብኩት፡፡ መልሱ አጭር ነበር፤ ምንም ዓይነት ዲግሪ ይዛ አትመጣም፡፡ ዘመዴ ትንሽ ዝም ብሎ፣ ‹‹ታዲያ ዓመቷን ልታባክን ነው?›› አለኝ፡፡

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይመስለኝም፡፡ እኛ ዘንድ ውጭ አገር ሄዶ መማር ማለት ወረቀት ይዞ መመለስ፣ አለበለዚያም እዚያው መቅረት ማለት ነው፡፡ ይህ ዕድል ግን ሁለቱንም አይደለም፡፡ በመሆኑም ምንነቱን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል፡፡

ዕድሉ ምንድን ነው?

የጃፓን የትምህርት፣ የባህል፣ የስፖርት፣ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ሚኒስቴር (በአገሩ አጠራር ሞንቡካጋኩሾ) ለውጭ አገር ዜጎች የተለያዩ ነፃ የትምህርት ዕድሎች ይሰጣል፡፡ ከእነዚህ አንዱ ለጃፓን ቋንቋና ባህል ተማሪዎች የሚሰጠው ሲሆን፣ ተጠቃሚዎቹ በአጭሩ ‹‹ኒኬንሴይ›› ይባላሉ፡፡ ከጃፓን ውጭ ባለ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በመከታተል ላይ ያሉ ወጣቶች፣ ለአንድ ዓመት ያህል በአንድ የጃፓን ዩኒቨርሲቲ ቋንቋውንና ባህሉን እንዲያጠኑ የሚያደርግ ነው፡፡ ባለፉት ዓመታት በወጡት መመሪያዎች መሠረት ተማሪው በወር 117 ሺሕ የን ይከፈለዋል፡፡ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፤ የአውሮፕላን ትኬትም ይሰጠዋል፡፡

ይኼው ሚኒስቴር ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጠው ዕድል ከዚህ ይለያል፡፡ ያኛው አንድ ዓመት የቋንቋ መሰናዶን ጨምሮ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ በመጨረሻው ዲግሪ ያስገኛል፡፡ ለድኅረ ምረቃ የሚሄዱት ‹‹የምርምር ተማሪዎች››ም የራሳቸው ዘርፍ አላቸው፡፡ ብዙውን ወላጅ የሚያሳስተው እነዚህን ሁሉ ‹‹የጃፓን ስኮላርሺፕ›› ብሎ በአንድ ስም መጥራቱ ነው፡፡

ውሉን ማንበብ

የሕግ ትምህርት ካስተማረኝ ነገር አንዱ፣ በነፃ የሚሰጥ ነገርም ግዴታ ሊኖረው እንደሚችል ነው፡፡ የዚህ ዕድል ዋና ዋና ግዴታዎች የሚከተሉት ናቸው፡፡

አንደኛ፣ አመልካቹ የጃፓንን ቋንቋ ወይም ባህል ዋና ትምህርቱ ያደረገ መሆን አለበት፡፡ ምሕንድስና ወይም ግብርና እያጠና ጃፓንኛን በጎን የሚማር ተማሪ አይካተትም፡፡ ስለዚህ አገር ቤት ሆኖ ሌላ ሙያ የሚያጠና ወጣት በዚህ በር ላይ ጊዜውን ከሚያጠፋ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ለምርምር የሚሰጡትን ዕድሎች ቢከታተል ይሻለዋል፡፡

ሁለተኛ፣ ከጃፓን ሲመለስ ወደ ቀድሞ ዩኒቨርሲቲው ገብቶ ትምህርቱን የሚቀጥል መሆን አለበት፡፡ ተመርቆ መሄድም ሆነ ሄዶ መቅረት ከዕድሉ ዓላማ ውጭ ነው፡፡

ሦስተኛ፣ ጊዜው አይራዘምም፡፡ ከ‹‹ተማሪ›› ቪዛ ወደ ሌላ ዓይነት የመኖሪያ ፈቃድ የተዛወረም ክፍያው ይቋረጥበታል፡፡

አራተኛ፣ ማመልከቻው የሚቀርበው በጃፓን ኤምባሲ ወይም የትብብር ስምምነት ባላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ነው፡፡ በኤምባሲ በኩል ሲሆን ዜግነት ወሳኝ ነው፡፡ በአንድ አገር እየኖረ የሌላ አገር ፓስፖርት የያዘ ወጣት በየትኛው ኤምባሲ ማመልከት እንዳለበት አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል፡፡

ቋንቋውና የእኛ ጆሮ

በአማርኛ ያደገ ልጅ ጃፓንኛን ሲጀምር ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ጓደኛው ይልቅ የሚቀለው ነገር አለ፡፡ በሁለቱም ቋንቋዎች ግሱ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፡፡ ‹‹ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ›› ስንል ገላጩን ከስሙ እንደምናስቀድም ሁሉ ጃፓኖችም እንዲሁ ያደርጋሉ፡፡ ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት ፊደሎቻቸውም፣ መሠረታዊዎቹ 46፣ 46 ሲሆኑ፣ እንደ ፊደላችን ‹‹ካ››ን በአንድ ምልክት የሚጽፉ ናቸው፡፡ ችግሩ የሚመጣው ከቻይና በተወሰደው ካንጂ ላይ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 በተሻሻለው የመንግሥት ዝርዝር ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የተመደቡት ብቻ 2,136 ናቸው፡፡

አክብሮቱም ቢሆን የሚመስለንን ያህል አንድ አይደለም፡፡ እኛ ‹‹እርስዎ›› እና ‹‹እሳቸው›› ስለምንል የጃፓኖቹ ‹‹ኬይጎ›› አዲስ አይሆንብንም ብለን እናስባለን፡፡ ይሁን እንጂ እኛ ስለ አባታችን ለሌላ ሰው ስንናገር ‹‹አባቴ እንዲህ አሉ›› ብለን እናከብራቸዋለን፡፡ ጃፓናዊው ግን ስለ ገዛ አባቱ ወይም ስለ አለቃው ለውጭ ሰው ሲናገር ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፡፡ የራስን ወገን ከፍ ማድረግ እንደ ነውር ይቆጠራልና፡፡ ይህንን ከመጽሐፍ ማወቅ ይቻላል፤ አፍ ላይ እንዲገባ ግን እዚያው ሰው መሀል መኖርን ይጠይቃል፡፡ የዓመቱ ትልቁ ጥቅምም ይኼው ነው፡፡

ትምህርቱና ኑሮው

ተቀባይ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ሲሆኑ፣ የኪዮቶና የኦሳካ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሁም የቶኪዮ የውጭ ቋንቋዎች ጥናት ዩኒቨርሲቲ ይገኙበታል፡፡ የትምህርት መርሐ ግብሮቹ በሁለት ይከፈላሉ፡፡ አንዱ በባህልና በማኅበረሰብ ጥናት ላይ ያተኩራል፤ ሌላው ቋንቋን በማሻሻል ላይ፡፡ በበርካታዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው በመጨረሻ በጃፓንኛ የጥናት ጽሑፍ ያቀርባል፡፡ ምርጫው ላይ ስህተት የሠራ ተማሪ ዓመቱን የሚያውቀውን በመድገም ወይም የማይገባውን በመስማት ሊያሳልፍ ስለሚችል የየዩኒቨርሲቲውን መግለጫ ማንበብ የግድ ነው፡፡

እንደ ደረሱ ሥራው የሚጀምረው ከማዘጋጃ ቤት ነው፡፡ መኖሪያ በተያዘ በ14 ቀናት ውስጥ አድራሻ ማስመዝገብና የብሔራዊ የጤና መድን አባል መሆን ያስፈልጋል፡፡ መድኑ አብዛኛውን የሕክምና ወጪ ሸፍኖ ለታካሚው 30 በመቶውን ይተውለታል፡፡ ፈቃድ ያወጣ ተማሪ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት ሊሠራ ይችላል፡፡

በዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍል ያላገኘ ቤት ሲከራይ የሚገጥመው ነገር ያስደነግጠዋል፡፡ ከቅድሚያ ኪራይና ከመያዣው ገንዘብ ሌላ፣ በብዙ ቦታ ‹‹ሬይኪን›› የሚባል ለባለቤቱ የሚሰጥና የማይመለስ ገንዘብ አለ፡፡ ዋስም ይጠየቃል፡፡ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የተሻሻለው የጃፓን ፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ግለሰብ ለተከራይ ዋስ ሲሆን የዋስትናው ጣሪያ በውሉ ላይ በጽሑፍ ካልተገለጸ ዋስትናው አይፀናም፡፡ ስለዚህ ዋስ የሚሆን የአገር ልጅ የተገኘ እንደሆነ፣ ከመፈረሙ በፊት ያንን አኃዝ ይፈልግ፡፡

ይዞ መመለስ

ጃፓንን አይቶ የመመለስ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፡፡ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 በመልዕክተኛነት ሄደው ሲመለሱ ‹‹መኃደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን›› የተባለውን መጽሐፍ አሳትመዋል፡፡ በዚያው ዓመት የታወጀውና በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት ሕገ መንግሥትም እ.ኤ.አ. የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር፡፡ ኅሩይ ከጃፓን ዲግሪ አላመጡም፤ ያዩትን ግን ጽፈው አስቀርተውልናል፡፡

ለዘመዴ የመለስኩለትም ከዚህ የራቀ አልነበረም፡፡ ዓመቷ የሚባክነው ዲግሪ ስለማይሰጥ አይደለም፤ የወሰደችው ትምህርት በራሷ ዩኒቨርሲቲ ሳይያዝላት ከቀረ ነው፡፡ ስለዚህ ልጅቷ ከመሄዷ በፊት የትኞቹ ኮርሶች እንደሚቆጠሩላት ከትምህርት ክፍሏ በጽሑፍ ታስፈርም፡፡ ‹‹ግድ የለም፣ ስትመለሺ እናየዋለን›› የሚል የቃል ተስፋ አይበቃም፡፡ የሚያቀርቡትን የጥናት ጽሑፍ ርዕስም የመመረቂያ ጽሑፏ መነሻ እንዲሆን አድርጋ ከአማካሪዋ ጋር ትምረጥ፡፡

በሳምንቱ ዘመዴ መልሶ ደወለ፡፡ ልጅቷ ደብዳቤውን አጽፋለች፤ ከአምስቱ ኮርሶች አራቱ ይያዙላታል፡፡ አምስተኛውን ምን እንደምታደርገው ጠየቅኩት፡፡ ‹‹እሱን ለራሴ እማረዋለሁ አለችኝ›› አለና ሳቀ፡፡