የአድናቂ መላምት፦ የስኳል አባት ማን ነው?

«ፋን ቲዎሪ» የሚባለውን በአማርኛ «የአድናቂ መላምት» ብንለው ያስኬዳል። ፊልም፣ ልብ ወለድ ወይም የቪዲዮ ጌም ሳይናገር ያለፈውን ነገር፣ ወዳጆቹ እዚያው ውስጥ ከተበተኑ ፍንጮች ተነስተው የሚደርሱበት ግምት ነው። «ደጋፊ» ለእግር ኳሱ ይቆየን። «መላምት» የሚለውን የመረጥኩት ማስረጃ ስለሚያስጠይቅ ነው፤ ደስ ስላለን ብቻ የምናምነው ነገር እዚህ አይገባም።

ለዚህ ከፋይናል ፋንታሲ 8 የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1999 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን ያወጣው ጌም ነው። ዋናው ገፀ ባሕርይ ስኳል ወላጆቹን ሳያውቅ በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ፣ ቃል ከአፉ የማይወጣ ጎረምሳ ነው። በየመሃሉ ደግሞ ታሪኩ ወደ ኋላ እየተመለሰ ላጉና የሚባል፣ አፉ የማያርፍ ወታደር ያሳየናል። ሁለቱ አባትና ልጅ ናቸው የሚል ዓረፍተ ነገር በጌሙ ውስጥ የለም።

ፍንጩ ግን ሞልቷል። ላጉና ክፉኛ ቆስሎ ዊንሂል በምትባል መንደር ሲተኛ የምታስታምመው ራይን ናት፤ በዚያው ይዋደዳሉ። ራይን የምታሳድጋትን ኤሎኒ የምትባል ሕፃን ኤስታር የምትባል አገር ወታደሮች ይወስዷታል። ላጉና ሊያስመልሳት ይሄዳል፤ ልጅቱ ትመለሳለች፣ እሱ ግን እዚያው ይቀራል። ራይን ወልዳ ትሞታለች። ኤሎኒ ካደገች በኋላ ይህን ስታወራ፣ ራይን ላጉና የተወለደውን ልጅ እንዲያይላት ትመኝ እንደነበር ትናገራለች። የልጁን ስም ግን አትጠራም። ስኳል በማሳደጊያው ሳለ «እህቴ» እያለ የሙጥኝ ያላት ደግሞ ይህችው ኤሎኒ ናት።

ወደ መጨረሻው የላጉና የጦር ጓዶች ስኳልን ያገኙታል። አንደኛው ኪሮስ ይባላል (ስሙ የኛ ይምሰል እንጂ አይደለም)። ልጁን አይተው ቁርጥ እናቱን መሆኑን፣ አባቱን አለመምሰሉም እንደበጀው ይቀልዳሉ። ጌሙ ለእውነቱ ከዚህ በላይ አይቀርብም። ስኳል የሚወዳት ሪኖአ ደግሞ ላጉና በወጣትነቱ ከሩቅ ይመኛት የነበረችው የፒያኖ ተጫዋቿ የጁሊያ ልጅ ናት። እዚህ ላይ መላምት አያስፈልግም፤ የእናቷን የቤተሰብ ስም ይዛለች።

በአድናቂዎች ቋንቋ ባለቤቱ ያጸናው ታሪክ «ካነን» ይባላል። «ቀኖና» ማለት ይቻላል፤ የንስሐ አባትዎ የሰጡዎት ቀኖና ትዝ የሚልዎት ከሆነ «የጸደቀ ታሪክ» ይበሉት። የላጉና አባትነት በአንደበት ሳይነገር ቀኖና ሊባል የሚችል ይመስለኛል፤ ሌላ አባት አስገብቶ ታሪኩን ማስኬድ አይቻልምና።

የዚሁ ጌም ሌላው ዝነኛ መላምት ግን አይዋጥልኝም። በመጀመሪያው ዲስክ መጨረሻ ላይ ስኳል በበረዶ ጦር ይወጋል፤ አንዳንዶች እዚያው ሞቷል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሕልሙ ነው ይላሉ። ዳይሬክተሩ ዮሺኖሪ ኪታሴ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲጠየቁ እንዳልሞተ ተናግረዋል። እሳቸው ቢናገሩም ክርክሩ አይቆምም፤ ምን ማስረጃ ቢቀርብ «እሱም ሕልም ነው» ይባላላ!