የሰፈረ ጦር፣ ያልተሰፈረ እንጨት

የታሪክ መጻሕፍታችን ስለ ጦር ሲያወሩ የሚቆጥሩልን ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ይህን ያህል ጠመንጃ፣ ይህን ያህል መድፍ፣ ይህን ያህል ፈረሰኛ። ስለ ዓድዋ የተጻፈውን የከፈተ ሁሉ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደዘመተ ያነባል። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ማታ ማታ ምን አንድዶ አበሰለ? እንጨቱስ ከየት ተቆረጠ? ማንስ ፈቀደ? ይህን የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው ከጀግንነቱ ታሪክ አጠገብ ሲቀመጥ የወጥ ቤት ወሬ ይመስላል። በእኔ እምነት ግን መንግሥትን በወጥ ቤቱ በኩል ያላየ ተማሪ መንግሥትን ያየው በግማሽ ነው።

በአማርኛችን «ሰፈረ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ተቀመጠ፣ አረፈ ማለት ነው፤ ጦሩ ሰፈረ እንላለን። ሁለተኛው ለካ ማለት ነው፤ እህሉን ሰፈረ እንላለን። የዚህ ጽሑፍ ነገር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ጦሩን ማስፈር ከጥንት ያውቅበታል። ጦሩ የሚበላውንና የሚያነደውን መስፈር ግን ዘግይቶ ጀመረ፤ የጀመረውም በከፊል ነው። ያልተሰፈረው ነገር ዕዳ ሆኖ በማን ጫንቃ ላይ እንደወደቀ እንመልከት።

ዛሬ «ከተማ» ስንል አስፋልትና ፎቅ ይታየናል። በቀድሞው አጠቃቀም ግን ከተማ ማለት ንጉሡ ወይም ሹሙ ከነጦሩ የሚያርፍበት ቦታ ነበር። የማዕረግ ስሞቹም የጦር ሰፈሩን ካርታ ይዘው የቀሩ ናቸው፤ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። የንጉሡ መቀመጫ በሺህ የሚቆጠሩ ድንኳኖች የሚተከሉበት ተንቀሳቃሽ ከተማ እንደነበረ ከእርሱ እንረዳለን። ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለፍርዱ፣ ለገበያው፣ ለወጥ ቤቱ ሁሉ ቦታው የታወቀ ነው። ሰፈሩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሲተከል ሁሉም የየራሱን ስፍራ ሳይጠይቅ ያገኘዋል።

እንግዲህ ሥርዓት አልነበረም ማለት አይቻልም። ሥርዓቱ ግን የሚደርሰው እስከ ድንኳኑ ካስማ ድረስ ነው። ከካስማው ወዲያ ያለው ዛፍ፣ ግጦሽና ጎተራ ለደረሰበት ሁሉ ነው። እንጨቱ ሲያልቅና እህሉ ሲሟጠጥ መፍትሔው አንድ ነው፤ ነቅሎ መሄድ። እውነቱን ለመናገር ይህ መላ ለደኑ ጥቅም ነበረው፤ ሰፈሩ ሲሄድ ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ መሬቱ ያርፋል። ለገበሬው ግን ሌላ ነው። ዛፍ ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል፤ የተበላ ዘር ግን አያቆጠቁጥም።

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር ይህ ልማድ ላላ እንጂ አልጠፋም። ችግሩን ችግር ብሎ ከያዙት ነገሥታት አንዱ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ለወታደሩ ደመወዝ ቆርጠው ከገበሬው ጫንቃ ሊያወርዱት ሞከሩ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ግን ደመወዙ ከየት ይምጣ? ግዛታቸው እየጠበበ ሲሄድ ጦሩን የሚመግበው አገርም አብሮ ጠበበ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዘረፋን ሊከለክሉ የተነሡት ንጉሥ ራሳቸው በጌምድርን አስመዘበሩ፤ ጎንደርም በ1859 ዓ.ም. ተዘርፋ ተቃጠለች። ከዚህ የምንማረው ቅን ሐሳብ ያለ ጎተራና ያለ መዝገብ ጦር እንደማይመግብ ነው።

በዚህ ላይ የባዕድ ጦር ሰፈር ያመጣው መዓት ተጨመረ። የጣልያን ጦር ምጽዋን የያዘው በ1877 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ለዚያ ጦር ስንቅ ተብለው በባሕር ከመጡ ከብቶች ጋር «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ አብሮ እንደገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ስሙ ደስታ፣ ሥራው እልቂት! በሽታው ከባሕር ዳርቻው ወደ ደጋው ወጥቶ የአገሩን ከብት ፈጀው። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ እህል የለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ክፉ ቀን እንዲህ ነው የጀመረው። ድርቁም አንበጣውም ተባብረውበታል፤ ነገር ግን በአንድ የጦር ሰፈር በር የገባ ያልተመረመረ ከብት አንድ አገር ሊያስርብ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ዐፄ ምኒልክ አሥራትን የደነገጉት ከዚህ ክፉ ቀን ማግሥት፣ በ1885 ዓ.ም. ገደማ ነው። አሥራት ስንባል ትዝ የሚለን የገባሩ ሸክም ነው፤ ሸክምነቱም እውነት ነው። አዋጁ ሲወጣ ግን የታሰበው ሌላ ነበር። ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ ያገኘውን ሁሉ ከሚበላ፣ ገበሬው ከአዝመራው ከአሥር አንድ ለመንግሥት ጎተራ ያግባ፤ ወታደሩም ከጎተራው ይሰፈርለት ነው ነገሩ። ይህ በእኔ አስተያየት በዘመኑ ከተሞከሩት የአስተዳደር ለውጦች አንዱ ትልቁ ነው። የሚሰፍር ጦር እንዲሰፈርለት ተደረገ ማለት ነው። እርግጥ በሥራ ላይ ሲውል ጎደለ፤ በብዙ ቦታ ገበሬው አሥራቱንም ከፍሎ ወታደሩንም አብልቷል። ዓድዋም ላይ ቢሆን ስንቁ እያለቀ ነበር፤ ጣልያኖቹ ጥቂት ቀን ቢታገሡ ኖሮ ሠራዊቱ በረሃብ ምክንያት ለመመለስ ይገደድ እንደነበር ብዙ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ቢሆንም መለኪያ ተበጀ። ለእህሉ።

ለእንጨቱስ? እዚህ ላይ ነው አዲስ አበባ የምትመጣው።

ምኒልክ በ1870ዎቹ መጀመሪያ እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ ቦታውን ያስመረጣቸው ለጦር የሚመች ከፍታነቱ ነበር። ከፍታው ጠላትን ለማየት ይመቻል፤ ለመኖር ግን ብርድ ነው፣ ነፋስ ነው፣ ውሃውም ሩቅ ነው። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደው ታች መውረድ ጀመሩ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚለውን ስም አወጡላት። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ገና እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። አዲሲቱ ከተማ ስትቆረቆር ካርታዋ የጦር ሰፈሩ ካርታ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለው ቦታ ላይ፤ መኳንንቱ በየጉብታው፤ ጭፍራው በየጌታው ዙሪያ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚያ የቀሩ ናቸው። እኛ ዛሬ «ሰፈሬ የት ነው» ስንባባል ሳናውቀው የጦር ቋንቋ ነው የምንናገረው።

ይህ ሰፈር ከቀድሞዎቹ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ አልተነቀለም። በ1902 ዓ.ም. ገደማ 65 ሺህ ያህል ሰው እንደነበረው ይገመታል። ግብር በተበላ ቁጥር በአዳራሹ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይቀመጣል። የእንጀራን ነገር ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከወጡ ይልቅ ምጣዱ ነው ማገዶ የሚፈጀው። ቤቱ እንጨት፣ አጥሩ እንጨት፣ እሳቱ እንጨት። በዙሪያው የነበረው ጥድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመነጠረ። ማገዶ ለማምጣት የብዙ ሰዓት መንገድ መሄድ ግድ ሆነ።

መንግሥት ምን አደረገ? መጀመሪያ የአባቶቹን መላ ነው የሞከረው። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ እንጨት የማይቸግርበት ቦታ ተመርጦ አዲስ ዓለም ተባለ፤ የቤተ መንግሥት ሥራም ተጀመረ። አሁን ግን መንቀል እንደ ድሮው አልሆነም። የውጭ አገር መንግሥታት መልእክተኞች በአዲስ አበባ የድንጋይ ቤት ጀምረዋል፤ ነጋዴው ሱቅ ከፍቷል፤ መኳንንቱም ርስት ይዟል። ድንኳን ይጠቀለላል፤ የድንጋይ ቤት አይጠቀለልም። አሳቡ ቀረ፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለዘመናት የሠራው የመንቀል መላ በዚህ አበቃ ማለት ይቻላል።

ከተማዋን ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ እንደገባ ይነገራል፤ ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ እንዳመጣው የሚናገሩ ብዙ ናቸው። ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲከፋፈል፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነፃ እንዲሆን አደረጉ። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብትም አይበላውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ራቁቱን የቀረው ተራራ አረንጓዴ ለበሰ። ውጤቱን ማቃለል ግፍ ነው።

ነገር ግን መንግሥት የጨመረው እንጨቱን ነው፤ የሚነደውን አልሰፈረም። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። እንጨት ሲበዛ ሰፈሩ ይሰፋል፤ ሰፈሩ ሲሰፋ እሳቱ ይበዛል። በዚያ ላይ የሚተክል መሬት ያለው ነው። ሰፊ መሬት የተሰጠው መኳንንት ተከለ፤ ግብሩ ቀረለት፤ እንጨቱንም ሸጠ። ድሮ ሄደው የሚለቅሙት ጭራሮ ሸቀጥ ሆነ። ዛፉ ውሃ ይመጥጣል የሚል ስሞታም ቶሎ ተነሣ፤ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ባሕር ዛፍ ተነቅሎ በሌላ ዛፍ እንዲተካ ትእዛዝ ወጣ፤ ግን አልተፈጸመም። እንዴትስ ይፈጸማል? ከተማዋ የምትበስለው በእርሱ ነው።

«በዚያ ዘመን ማን እንጨት ይቆጥራል፤ በዛሬ ዓይን ትናንትን መፍረድ ነው» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። መቁጠር ግን ይችሉ ነበር። እህሉን ከአሥር አንድ ሰፍረዋል። የመናገሻን ደን ብንወስድ፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንዳስተከሉት የሚነገርለት ያ ጥድ ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጥ ተጠብቆ ነው ለእኛ የደረሰው። መንግሥት እጠብቃለሁ ያለውን ይጠብቃል። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦሩን ሚኒስቴር ያዙ፤ የእርሻውም ሚኒስቴር ለብቻው ሹም አገኘ። የሚያነደው በአንዱ በኩል፣ የሚበቅለው በሌላው በኩል ሆነ። የጎደለው ችሎታ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን «ስንት አነደድህ?» ብሎ የሚጠይቅበት ወግ ነው።

ዕዳውን የከፈለው ማን ነው? በገጠር ኩበቱን ከማሳው ወደ ምድጃው ያዞረው ገበሬ ነው፤ ማዳበሪያው ጢስ ሆኖ ወጣ። በከተማ ደግሞ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባዋ አዝላ ቁልቁል የምትወርደው ሴት ናት። በ1967 ዓ.ም. መሬቱ ከባላባቱ እጅ ወጥቶ ደኑ የመንግሥት ሲሆን እንኳ ለእርሷ የተለወጠው ጥበቃው ብቻ ነበር፤ የሚያባርራት የባላባት ዘበኛ በመንግሥት ዘበኛ ተተካ። ዛሬ ብዙው የአዲስ አበባ ሰው የሚጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ እንጦጦ ላይ ትልቅ መናፈሻ ተከፍቷል። ይህ ጥሩ ነው። የሴትዮዋ ሸክም ግን በየትኛው መዝገብ ላይ ሰፍሮ ያውቃል? ጥይት ሲጠፋ ምርመራ ይቋቋማል። ደን ሲጠፋ ዘበኛው የሚይዘው መጨረሻ ላይ ጭራሮ የለቀመችውን ነው።

የታሪክ ተማሪ የሆንን ሁሉ ስለ አንድ ጦር ሰፈር፣ ስለ አንድ ዘመቻ፣ ስለ አንድ ከተማ ስንጽፍ ከጠመንጃው ቁጥር ቀጥሎ አንድ መስመር እንጨምር፤ ምን አነደደ፣ ከየት አመጣ፣ ማን ተሸከመው? ይህን ጥያቄ ለጥንቱ ስንጠይቅ ከለመድን ለዘመናችን ሰፈርም መጠየቅ አያቅተንም። መንግሥት የሚቆጥረው የተጠየቀውን ነው፤ ያልተጠየቀ እንጨት ዝም ብሎ ይነዳል።