የመኖሪያ ቤትን በቀጣና ከፍሎ ማሞቅና ማቀዝቀዝ፦ ለደብረ ታቦርና ለደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ነዋሪዎች የቀረበ መረጃ

የደብረ ታቦር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአቅራቢያዋ ያለው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በዚህ ደጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት በፍጥነት ትለቃለች፤ ውርጭም ይወርዳል። በክረምት ወራት ደግሞ ደመናውና እርጥበቱ ቤቱን ቀን ከሌት ያቀዘቅዘዋል። በመሆኑም ቤትን ማሞቅ በተለይ ለሕፃናት፣ ለአራሶች፣ ለአረጋውያንና ለሕሙማን የጤና ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ ቤትን በአነስተኛ ወጪና ያለ አደጋ ለማሞቅ የሚረዳውን አሠራር ያብራራል።

የአሠራሩ ምንነት

ቤትን በቀጣና ከፍሎ ማሞቅ ወይም ማቀዝቀዝ ማለት ቤቱን እንደ ክፍሎቹ አገልግሎት በመለየት እያንዳንዱ ክፍል በሚፈለግበት ሰዓትና በሚፈለገው መጠን ብቻ ሙቀት ወይም ቅዝቃዜ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። በሌሎች አገሮች በሚሠሩ ሕንፃዎች ይህ የሚከናወነው በሦስት ዋና ዋና መንገዶች ነው። አንደኛው ከአንድ ማዕከላዊ መሣሪያ የሚወጣውን አየር በቱቦ እያሰራጩ በየክፍሉ በሚከፈትና በሚዘጋ መዝጊያ መቆጣጠር ነው። ሁለተኛው የሞቀ ውሃ በየክፍሉ በተተከሉ የብረት ማሞቂያዎች ውስጥ እንዲዘዋወር ማድረግ ነው። ሦስተኛው ለየክፍሉ የራሱ ቴርሞስታት ያለው ኤር ኮንዲሽነር መትከል ነው።

አሠራሩ ለደቡብ ጎንደር ነዋሪ በመሠረቱ አዲስ አይደለም። ቤተሰቡ በምድጃው ዙሪያ በመደብ ላይ ተሰብስቦ ሲያመሽ ጓዳውና ሌላው የቤቱ ክፍል ሳይሞቅ መቆየቱ አንድን ቀጣና ብቻ የማሞቅ ልማድ ነው። መሠረታዊው ሐሳብ ዛሬም ያው ነው፤ የሚሞቀው ሰው ያለበት ክፍል እንጂ ቤቱ በሙሉ አይደለም።

ቤቱን በቀጣና ስለመለየት

በመጀመሪያ ሰው የሚያመሽበትንና የሚተኛበትን ክፍል መለየት ያስፈልጋል። ሳሎን የሚሞቀው ከምሽት እስከ መኝታ ሰዓት፣ መኝታ ቤት ደግሞ ከመኝታ በፊት ለአጭር ጊዜ ሊሆን ይችላል። ዕቃ ቤትና መተላለፊያ መሞቅ አያስፈልጋቸውም። በሚሞቀውና በማይሞቀው ክፍል መካከል ያለው በር ዘወትር የተዘጋ መሆን ይኖርበታል። ባለ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ነዋሪዎች አልጋውን ከውጭ ግድግዳ በማራቅና በወፍራም መጋረጃ በመለየት ተመሳሳይ ጥቅም ማግኘት ይችላሉ።

የተገኘ ሙቀት እንዳይባክን ስለማድረግ

ማሞቂያ ከመግዛት በፊት ሙቀት የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች መዝጋት ይመከራል።

• ጣሪያ፦ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክዳን ሙቀትን ወደ ሰማይ ይለቃል። ማለዳ ከቆርቆሮው ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ የዚሁ ምልክት ነው። ማናቸውም በአግባቡ የተወጠረ ኮርኒስ ሞቃቱን አየር ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ይለያል።
• ግድግዳ፦ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ በሚገባ የተለሰነ ግድግዳ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ቀስ በቀስ ይለቃል። የተሰነጠቀ ልስን መደፈን አለበት።
• በርና መስኮት፦ ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት በጨርቅ ወይም በጎማ ሊዘጋ፣ መስኮቱም ከፀሐይ መጥለቅ በፊት በመጋረጃ ሊሸፈን ይገባል።
• ፀሐይ፦ በታኅሣሥ ወር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ደብረ ታቦር ላይ የምትታየው ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው። ስለዚህ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው የሳሎኑን ሰፊ መስኮት ወደ ደቡብ ቢያዞር በብርድ ወራት ያለ ክፍያ ሙቀት ያገኛል።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወጪና ጭነት

የማሞቂያ ፍጆታ የሚሰላው የመሣሪያውን ኃይል በኪሎዋት በሚሠራበት ሰዓት በማባዛት ነው። ለምሳሌ ሦስት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ባለ 1,500 ዋት ማሞቂያ ኖሯቸው ሦስቱም በየቀኑ 4 ሰዓት ቢሠሩ የ30 ቀን ፍጆታቸው 540 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ቤተሰቡ ያለበት ክፍል ብቻ በቀን 4 ሰዓት ቢሞቅ ግን ፍጆታው 180 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር በየእርከኑ ከፍ ስለሚል፣ ቁጠባው በኪሎዋት ሰዓት ከሚታየው ልዩነት ይበልጣል።

የመስመሩን አቅም ማወቅም እንዲሁ ያስፈልጋል። በ220 ቮልት አንድ ባለ 1,500 ዋት ማሞቂያ 7 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ ከ20 አምፔር በላይ ስለሚሆኑ ባለ 16 አምፔር ብሬከርን ሊያስወርዱ ይችላሉ፤ ብሬከሩ በአግባቡ ካልሠራ ደግሞ ሽቦው ግሎ ቃጠሎ ሊያስነሣ ይችላል። ማሞቂያ የእንጀራ ምጣድ በሥራ ላይ እያለ መሰካት የለበትም፤ በቀጭን ማከፋፈያ ገመድም መጠቀም አይገባም። ከአልጋ ልብስ፣ ከመጋረጃና ከሕፃናት ቢያንስ 1 ሜትር መራቅ አለበት።

ሙቀትን ከውጭ አየር ስቦ የሚያስገባ ኤር ኮንዲሽነር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ሦስት እጥፍ ገደማ ሙቀት ሊሰጥ ስለሚችል ከተራ ማሞቂያ ይልቅ ቆጣቢ ነው። ሆኖም በ2,700 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በሳሳ አየር ውስጥ የመሣሪያው ጉልበት ስለሚቀንስ፣ ገዢው በመሣሪያው ላይ የተጻፈው አቅም ለዚህ ከፍታ የሚሠራ መሆኑን ሻጩን ሊጠይቅ ይገባል።

የከሰል ማሞቂያ አደጋ

ከዚህ በላይ የተገለጸው ቀዳዳን የመዝጋት ምክር ከሰል ለሚነድበት ክፍል ፈጽሞ አይሠራም። ቤቱ ይበልጥ በተደፈነ ቁጥር ከሰሉ ይበልጥ ገዳይ ይሆናል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ከደም ሕዋስ ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ሰውነት ኦክስጅን እንዳያገኝ ያደርጋል። በደጋ አካባቢ አየሩ ቀድሞውንም የሳሳ በመሆኑ ጉዳቱ ይከፋል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ የሚከተሉት ሊታወቁ ይገባል።

• ጭሱ ያለቀለትና አመድ የለበሰ ፍምም ይህን ጋዝ ያወጣል። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ ማስገባት ጭሱን ይቀንሳል እንጂ ጋዙን አያስቀርም።
• ከምድጃው አጠገብ ውሃ ማስቀመጥ ጋዙን አያስወግድም።
• ጋዙ በክፍሉ ውስጥ ሁሉ ስለሚሰራጭ ከፍ ባለ አልጋ መተኛት አያድንም።
• ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ በተለይም በአራስ ቤት፣ የከሰል ምድጃ መቀመጥ የለበትም። ነፍሰ ጡሮችና ጨቅላ ሕፃናት በጋዙ ይበልጥ ይጎዳሉ።
• ለቡና ወይም ለእንግዳ ከሰል ሲቀርብ በርና መስኮት ተከፍቶ ሊቆይ፣ ከመኝታ በፊትም ምድጃው ከቤት ሊወጣ ይገባል።
• መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተርም ይህንኑ ጋዝ ስለሚያወጣ በቤት ውስጥ ወይም በመስኮት ሥር መሥራት የለበትም።

አራስን ለማሞቅ ክፍሉን አስቀድሞ በኤሌክትሪክ ማሞቅ፣ ጋቢና ባና መደራረብ፣ እናትና ሕፃን ገላ ለገላ እንዲተቃቀፉ ማድረግ ከከሰል ይልቅ አስተማማኝ ነው።

የመመረዝ ምልክቶችና የመጀመሪያ ርዳታ

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የጉልበት መክዳትና የሐሳብ መምታታት ናቸው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎችን በአንድ ጊዜ የሚያማቸው ከሆነና ወደ ውጭ ሲወጡ የሚሻላቸው ከሆነ ምክንያቱ የከሰል ጋዝ መሆኑ ሊጠረጠር ይገባል። በዚህ ጊዜ በርና መስኮት ተከፍቶ ተጎጂዎች ሁሉ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፣ ከዚያም ሳይዘገይ ኦክስጅን ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም መድረስ አለባቸው። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውሃ በአፍ መስጠት ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል ክልክል ነው። ተጎጂው የተሻለው ቢመስልም መመርመር ይኖርበታል።

ማቀዝቀዝ በሚያስፈልግባቸው አካባቢዎች

ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጨምራል። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላቸው የፎገራ ሜዳና የወረታ ከተማ በዚህ ስሌት ከደብረ ታቦር በ6 ዲግሪ ያህል ይሞቃሉ። በሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ ስለምትሆን ሙቀቱ በአብዛኛው የሚገባው በጣሪያው ነው። ኮርኒስ፣ የጣሪያ ሥር የአየር መውጫ፣ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል የሚተከል የዛፍ ጥላና በሁለት አቅጣጫ የሚከፈቱ መስኮቶች ከማናቸውም መሣሪያ በፊት ይቀድማሉ። መሣሪያ ካስፈለገም ሰው ለሚተኛበት አንድ ክፍል ብቻ መግጠሙ በቂ ሊሆን ይችላል።

አገልግሎት ለማግኘት

• ከፍተኛ ኃይል የሚወስድ ማሞቂያ ወይም ኤር ኮንዲሽነር ለመትከል የሚፈልግ ደንበኛ የቆጣሪውንና የመስመሩን አቅም በሚመለከት በአቅራቢያው ወደሚገኝ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል በመቅረብ ማመልከት ይኖርበታል።
• የውስጥ መስመር ዝርጋታ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ብቻ ሊሠራ ይገባል። ነዋሪው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማረጋገጫውን ለማየት መጠየቅ ይችላል።
• ግድግዳ የሚያፈርስ፣ ጣሪያ የሚቀይር ወይም አዲስ መስኮት የሚያወጣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የግንባታ ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑ ከከተማው አስተዳደር ሊጣራ ይገባል።
• ተከራዮች በመስመሩ ወይም በግድግዳው ላይ ለውጥ ለማድረግ አስቀድመው የአከራያቸውን ስምምነት በጽሑፍ ቢይዙ በኋላ ከሚነሣ ክርክር ይጠበቃሉ።