ስም ያለው ወንዳገረድና ስም ያልነበረው ልጅ፦ ከጎንደር ደጋ ታሪክ

ከጎንደር ከተማ ወደ ሑመራ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወደ ሰሜን ለሚጓዝ ሰው፣ የላይ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ የኾነችው ትክል ድንጋይ ሩቅ አይደለችም። በዚያ አገር በክርስቲያን ባላገር ቤት ለሚወለድ ወንድ ልጅ የሕይወቱ መንገድ ከጥንት ጀምሮ አስቀድሞ የተጠረገ ነበር። በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ ከፍ ሲል ከብት ይጠብቃል ወይም ከየኔታ ዘንድ ፊደል ይቈጥራል፤ ሲጐለምስ ሞፈር ይጨብጣል፤ ወላጆቹ ሚስት ያጩለታል፤ ጎጆ ይወጣል። ይህች አነስተኛ ጽሑፍ የምትጠይቀው፣ በዚሁ መንገድ እየሄደ ልቡ ወደ ሴት ሳይኾን ወደ ወንድ ያደላበት ልጅ በታሪካችን ውስጥ የት እንዳለ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው በአገራችን አልነበረም፣ ነገሩ ከውጭ የመጣ ነው ሲባል ብዙዎቻችን ሰምተናል። የጽሑፍ ማስረጃው ግን ይህን አባባል አይደግፍም። ሲሞን ሜሲንግ የተባለው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በ1946 ዓ.ም. ገደማ በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ተቀምጦ የደጋውን አማራ ኑሮ አጥንቶ፣ በ1949 ዓ.ም. ለፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፍ አቅርቦ ነበር። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የሴት ሥራ ስለሚሠራና የሴት ጠባይ ስላለው ወንድ የሚናገር ክፍል ይገኛል። ደራሲው ቃሉን በላቲን ፊደል ሲጽፈው ጥቂት የተዛባበት ይመስለኛል፤ ባላገሩ የሚለው ወንዳገረድ ነው።

እንደ ሜሲንግ አገላለጽ ወንዳገረድ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ከጐረቤት ሴቶች ጋር እንደ ወንድምና እኅት ይቀራረባል፤ ባሎቻቸውም አይቀኑም። የሴት ሥራ እየሠራ፣ እንደ ጌሾ ያለውንም ለገበያ እያመረተ ራሱን ያስተዳድራል። ቤተሰቡ አይሰደብም፤ አፈጣጠሩ እንዲህ ነው፣ የፈጣሪ ሥራ ነው ተብሎ ይታለፋልና። ወንዳወንዴ ለምትባለው ሴት ግን ይህን ያህል ርኅራኄ አልነበረም።

ይህን ምስክርነት አንሥቶ «አያቶቻችን ቻይ ነበሩ» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ወንዳገረድ የታለፈው አካሉ ጐደሎ ነው ተብሎ ስለ ታመነ ነው። ሰው ያዘነለት ለአካሉ እንጂ ለፍቅሩ አይደለም፤ ስለ ፍቅሩ የጠየቀውም የለም። አካሉ እንደ እኩዮቹ የኾነ፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስ፣ በጥምቀት ከጐበዞቹ ጋር የሚጨፍር፣ ዳሩ ግን በልቡ ሌላ ነገር የተሸከመ ልጅ በዚህ ስም ሊጠራ አይችልም ነበር።

ታዲያ ለእርሱ የቀረው ስም የትኛው ነው? ግብረ ሰዶም የሚለው ብቻ ነው። ቃሉ የተወሰደው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 እሳትና ዲን ከዘነበባት ከተማ ነው። እንግዲህ ልጁ ስለ ራሱ መጀመሪያ የሚሰማው በቤተ ክርስቲያን ቆሞ፣ ስለ ተቃጠለች አገር ሲነበብ ነው ማለት ነው። ፍትሐ ነገሥትም ድርጊቱን ያወግዛል። ለንስሐ አባቱ ቢናገር የነገሩ መዝገብ በዚያው ይዘጋል፤ ኑዛዜ አይጻፍምና። የታሪክ ተማሪ የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው።

አልፎ አልፎ ገድሎቻችን ያልታሰበ ፍንጭ ይሰጣሉ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት ተቃውማ የተሰደደችው ወለተ ጴጥሮስ በ1635 ዓ.ም. ካረፈች በኋላ፣ በ1665 ዓ.ም. ገደማ ገድሏ ተጻፈ። ጣና ዳር ቋራጣ የሚገኘው ገዳም የእርሷ መታሰቢያ ነው። በገድሉ ውስጥ ወጣት መነኰሳይያት እርስ በርሳቸው ሲዳሰሱ አይታ እንዳዘነች የሚናገር ቦታ አለ። በ2008 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ሲታተም ተርጓሚዎቹ ነገሩን ከሥጋ ፍትወት ጋር በማያያዛቸው ብርቱ ክርክር ተነሥቷል። ክርክሩን ለግዕዝ ሊቃውንት እተወዋለሁ።

ከሃይማኖቱ ባልተናነሰ ልጁን የያዘው የኑሮው ሥርዓት ነው። ወንድ ያርሳል እንጂ አይፈጭም፤ ሴት ትፈጫለች እንጂ አታርስም። ስለዚህ ሚስት የሌለው ገበሬ ቤቱ ቤት አይባልም፤ ርስቱንም የሚረከበው ልጅ የለውም። ከጋብቻ በክብር ለመቅረት የነበረው በር ምንኵስና ነበር፤ ለዚያም ዋልድባ ቅርብ ነው። ከሚመንኵሱት መካከል በዚህ ምክንያት የሄደ ይኑር አይኑር ማንም አልጻፈም። አብዛኛው ግን የታጨችለትን አግብቶ ዝም ብሎ እንደ ኖረ መገመት ይቻላል። ያች ሚስትስ? የእርሷም ታሪክ አልተጻፈም።

የዘመናዊው ሕግ ዝምታውን አጠበቀው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 ድርጊቱን በእስራት የሚያስቀጣ አደረገው፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለውም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ይህንኑ አጸና። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ደግሞ የሃይማኖት መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥቱ እንዲገባ ጠየቁ።

ኾኖም በከተማ አዲስ ነገር ታይቷል። የኅብረተሰብ ጥናት ምሁሩ ጌትነት ታደለ ወንድ የሚያፈቅሩ የአዲስ አበባ ወንዶችን አነጋግሮ ጥናቱን በ2003 ዓ.ም. አሳትሟል። ባላገሩ ስም ያላወጣለት ሰው እዚያ በራሱ አንደበት ሲናገር ይሰማል። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጠራሩ ወንዳገረድ አይሉም፤ ሰዶማዊም አይሉም። «ዜጋ» ይባባላሉ።