የባሕር አረም የጋጡ ላሞች

ተረት ተረት! የላም በረት በሉኝ። ነገሩ ግን የሆነ ነው፤ የሆነውም ካናዳ ውስጥ፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ በምትባል ደሴት ላይ ነው።

ጆ ዶርጋን የሚባል ገበሬ ነበር። ከላሞቹ ከፊሎቹ ባሕሩ ጥግ ይሰማራሉ፤ ከፊሎቹ ራቅ ብለው ይግጣሉ። ማዕበል በተነሳ ቁጥር ባሕሩ አረሙን ጎትቶ ዳርቻው ላይ ይተፋዋል። የባሕሩ ጥግ ላሞችም ያንን ጨዋማ አረም ይለቅሙታል። ሰውየው እያስተዋለ ከረመ፤ አረሙን የሚበሉት ቶሎ ይፀንሳሉ፣ ወተታቸውም ከሌሎቹ ይበልጣል። «ይህን ሰብስቤ ብሸጠውስ?» አለ። ለመሸጥ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል። ሮብ ኪንሊ ወደሚባል ተመራማሪ ሄደ።

ኪንሊ አረሙን እንደ ላም ጨጓራ በሚሠራ መሣሪያ ቢፈትነው ሚቴን የሚባለው ጋዝ አንድ አምስተኛ ያህል ቀንሶ አገኘው።

ሚቴኑ ከየት መጣ አትሉኝም? ላም የዋጠችውን ሣር መልሳ ታመሰኳለች። በትልቁ ጨጓራዋ ያሉ፣ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ሣሩን ሲያብላሉ ሃይድሮጂን ይወጣል፤ ሌሎቹ ተቀብለው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ያዋሕዱትና ሚቴን ያደርጉታል። ብዙ ሰው በኋላዋ የሚወጣ ይመስለዋል፤ አብዛኛው ግን በአፏ፣ በግሳት ነው የሚወጣው። በመቶ ዓመት ሲሰላ ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። ባለከብቱም ይከስራል፤ መኖው ከያዘው ጉልበት ከመቶ ከ2 እስከ 12 የሚሆነው በግሳት ይባክናል።

ኪንሊ ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ። እዚያ አረሙን በየዓይነቱ ሲፈትኑ አስፓራጎፕሲስ የተባለ ቀይ አረም ጉድ አሳየ፤ ከመኖው ከመቶ 2 እጅ ሲጨመር በቤተ ሙከራ ሚቴኑን ሊያጠፋው ምንም አልቀረው። በውስጡ ያለው ብሮሞፎርም ሚቴን የሚሠራውን ኢንዛይም አላላውስ ይለዋል።

ቤተ ሙከራ ግን በረት አይደለም። በረት ገብተው የሞከሩት ካሊፎርኒያ፣ ዴቪስ ያሉት ትውልደ ኤርትራዊው ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ከብረአብና ተማሪዎቻቸው ናቸው። መጀመሪያ ለወተት ላሞች ሰጡ። አረሙ በሞላሰስ ተለውሶ ቢቀርብም ላሞቹ አልተታለሉም። መጠኑ ከመቶ 1 ሲደርስ ሚቴኑ በሁለት ሦስተኛ ወረደ፤ ላሞቹ ግን መኖውን ገፉት፣ ወተቱም ከመቶ 11 በላይ ጎደለ። ይህን የሰማ ገበሬ እሺ ይላል? አይልም!

ቀጥሎ ተራው የሰንጋዎች ሆነ። 21 ሰንጋዎች ተመድበው ለ147 ቀን ተቀለቡ፤ ከፊሎቹ አረም ያለበት፣ ከፊሎቹ የሌለበት። በቀን አራት ጊዜ ሰንጋው አንገቱን ወደ መለኪያው ያስገባል፤ እሱ ማባበያውን ሲለቅም፣ መሣሪያው ትንፋሹን ይለቅማል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ፤ በአንዳንዱ ቀለብ ሚቴኑ ከመቶ 80 በላይ ቀንሷል። አረሙ በዛ ያለላቸውም ከሌሎቹ ከመቶ 14 ያህል ያነሰ መኖ በልተው፣ እኩል ወፈሩ። ገበሬ ጆሮውን የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው።

መስክ የሚውለውስ? እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ጥናት፣ ሞንታና ውስጥ በግጦሽ ላይ ያሉ ሰንጋዎች አረሙ በእንክብል መልክ ሲሰጣቸው ሚቴናቸው ከመቶ 38 ያህል ቀንሷል።

እንግዲህ ዶርጋን አረሙን የወደደው የዓለም ሙቀት አሳስቦት አልነበረም፤ ወተቱ ስለበዛለት ነው። አረሙን ማልማት፣ ማድረቅና ማጓጓዝ ገንዘብ ይበላል። አየሩ የሁላችን ከሆነ ወጪውም የሁላችን ይሁን፤ ለገበሬው ብቻ ከተተወ ግን ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆንበታል።